ጃዝ ቤዙን እንደ ፕሪሲዥን፣ ፕሪሲዥኑን እንደ ክራር

አምባሰል ቤዝ ጊታር ለሚጫወት ሰው ከቅኝቶች ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ከዲ ሲነሳ አምስት ድምፆች አሉት፦ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ እና ቢ ፍላት። ዲና ኢ ፍላት ግማሽ ቶን ብቻ ነው የሚለያያቸው፤ ኤና ቢ ፍላትም እንዲሁ። እንደ ማሪቱ ለገሰ ያለች ዘፋኝ ከላይ ስታዜመው አንጀት የሚበላው ይህ መቀራረብ ነው። ወደ ቤዝ ሲወርድ ግን ያው መቀራረብ ጣጣ ያመጣል፤ አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ከተነሳ ይደባለቁና የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ቅኝቱ በስሙ የሚጠራበት አምባሰል በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐይቅ የደረሰ ሰው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ትልቁን ሐይቅ ያገኛል፤ ከዚያ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ አርዲቦ አለ። የአርዲቦ ውሃ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በዚህ አካባቢ ሰርግ ላይ እንዲጫወት የተጠራ ትንሽ ባንድ እናስብ። ዳስ ተጥሏል፣ ጄኔሬተር ተነስቷል፣ ድምፅ ማጉያው ተደርድሯል። ቤዝ ጊታሩ አንድ ነው። የሚጠየቀው ድምፅ ግን ብዙ ነው፦ ለማህሙድ አህመድ የድሮ ዘፈን ወፍራምና አጭር፣ ለዘመኑ ዘፈን ጥርት ያለ፣ ለባህሉ ደግሞ ቤዝ ክራር የሚመስል።

ሦስት ቤዝ ጊታር መግዛት የሚችል ጥቂት ነው። ደግነቱ አያስፈልግም። አንዱን ቤዝ የሌላውን ድምፅ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ አብዛኛውም ለውጥ ከክርና ከስፖንጅ ዋጋ አያልፍም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው፤ ፒካፕ ይገዛል፣ እንጨት ያስፈለፍላል፣ ክሩ ግን ያው የቆየው ነው። ድምፅ ከእጅ ይነሳል፣ ወደ ክር ይሄዳል፣ ከክሩ ወደ ፒካፕ፣ ከዚያ ወደ ቮልዩምና ቶን፣ በመጨረሻ ወደ አምፕሊፋየር። ማሻሻያውም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ገንዘብ ይተርፋል።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቤዞች እንለያቸው። ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ቤዝ ጊታር፣ የፈለገው ስም ቢለጠፍበት፣ በብዛት የፌንደር ኩባንያ ሁለት ጊታሮች ቅጂ ነው። ፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወጣ፤ የዛሬውን ለሁለት የተከፈለ ፒካፑን ያገኘው በ1957 ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ተከተለ። የክራቸው ርዝመት እኩል ነው፣ 34 ኢንች ወይም 86 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር። የጃዝ ቤዝ አንገት ከላይ በኩል ቀጠን ይላል፣ 38 ሚሊ ሜትር ያህል። ዋናው ልዩነት ግን ፒካፑ ላይ ነው፤ ፕሪሲዥን መሃል አካባቢ አንድ ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ አለው፣ ጃዝ ደግሞ ሁለት ረዣዥም ፒካፖች፣ አንዱ ወደ አንገቱ አንዱ ወደ ብሪጁ የቀረበ። የትኛው እንደሆነ ያልገባው ሰው መቆጣጠሪያዎቹን ቢቆጥር ይበቃዋል፤ ፕሪሲዥን ሁለት፣ ጃዝ ሦስት ነው ያለው።

ፒካፕ ማለት በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ነው። ብረት ክር ከላዩ ሲንቀጠቀጥ ማግኔቱ ዙሪያ ያለው መስክ ይነቃነቃል፣ ሽቦው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ፒካፑ የሚሰማው ከላዩ ያለውን የክሩን ክፍል እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ቦታው ወሳኝ የሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ክር ሲመታ እንደ ሙሉ ብቻ ሳይሆን በግማሽ፣ በሢሶ፣ በሩብ እየተከፋፈለም ይንቀጠቀጣል። በሩብ ሲከፋፈል ከብሪጁ 21.6 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ነጥብ አይንቀሳቀስም፤ እዚያ የተቀመጠ ፒካፕ ያንን ድምፅ ጭራሽ አይሰማውም። ወደ ብሪጁ ሲጠጋ የክሩ ስፋት ያለው እንቅስቃሴ ይቀንስና ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጎላሉ።

ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱም ፒካፖች እኩል ሲከፈቱ አንድን እንቅስቃሴ ከሁለት ቦታ ይሰማሉ፤ አንዱ ክሩ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ሲል የሚያገኘው ድምፅ ይጣፋል። የሚጣፋው በአብዛኛው መካከለኛው ድምፅ ነው። ጃዝ ቤዝ ጥርት ያለና መሃሉ የጎደለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ፕሪሲዥን አንድ ቦታ ብቻ ስለሚሰማ መሃሉ ሙሉ ነው።

እንግዲህ ጃዝ ቤዝን ወደ ፕሪሲዥን የማቅረቢያው የመጀመሪያ እርምጃ ነጻ ነው፤ የብሪጁን ፒካፕ ቮልዩም መዝጋት። የአንገቱ ፒካፕ ከፕሪሲዥኑ ቦታ ብዙ አይርቅም፤ ብቻውን ሲቀር መሃሉ ይመለሳል። ቶኑን ደግሞ ወደ ግማሽ ማውረድ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ተጫዋች ግን ሁሉን መቆጣጠሪያ እስከ ጫፍ ከፍቶ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው።

ሁለተኛው ክር ነው። እውነት ለመናገር ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ፌንደር መጀመሪያ ሲወጣ ይታሰርበት የነበረው ላዩ ለስላሳ የሆነው፣ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለው ክር ነው። በክብ ሽቦ የተጠቀለለው፣ ጣት ሲሄድበት የሚፋቀው፣ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ዛሬ አዲስ ጊታር ላይ የሚገኘው በብዛት እሱ ነው። ክብ ጥቅሉ ብሩህ ነው፣ ይንጫረራል፣ ይረዝማል። ጠፍጣፋው ሲመታ ዱብ ብሎ ቶሎ ይወርዳል። የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን ጄምስ ጄመርሰንን የምንሰማው በ1962 ፕሪሲዥን ላይ ባሰረው ጠፍጣፋ ጥቅል ክር ነው፤ ያንን ክር እስኪበጠስ አይቀይረውም ነበር። ክሮቹ በላብና በቆሻሻ ደነዘው የሰጡትን ድምፅ ብዙዎች በውድ መሣሪያ ሲፈልጉት ኖረዋል። ጠፍጣፋ ጥቅል ካልተገኘ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የተጫወቱበት አሮጌ ክብ ጥቅል ጥሩ ምትክ ነው፤ አይጣል።

ሦስተኛው ስፖንጅ ነው። ድሮ ፌንደር ቤዞች ብሪጁን የሚሸፍን ክዳን ነበራቸው፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ክሩን በስሱ የሚነካ ስፖንጅ። ዛሬ ክዳኑ ቀርቷል፤ ስፖንጁን ግን ከፍራሽ ወይም ከዕቃ ማጠቢያው ቆርጦ ማስገባት ይቻላል። በወርዱ አራቱን ክር የሚያዳርስ፣ በቁመቱ ከክሩ በታች ካለው ክፍተት ትንሽ የሚበልጥ ቁራጭ ይበቃል። ብሪጁ አጠገብ ከክሩ ሥር ይገባል። ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ድምፁ ይረዝማል፣ ወደ ፒካፑ ሲመጣ ያጥራል። ብዙ ከተጫነ ቃናው ከፍ ይልና የተሰማው ኖታ ከትክክለኛው ይወጣል፤ እንዲህ ከሆነ ቁራጩ ወፍራም ነው፣ በመቀስ ይቀነስለት።

አሁን ስለ አምባሰል ያነሳነውን እንመልከት። ክፍቱ ዲ ክር በሰከንድ 73.4 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ኢ ፍላት 77.8 ነው። ልዩነታቸው በሰከንድ 4.4 ገደማ። ሁለቱ በአንድ ላይ ከጮኹ ጆሮ የሚሰማው ሁለት ድምፅ ሳይሆን በሰከንድ ከአራት ጊዜ በላይ እየጎላ እየደከመ የሚንቀጠቀጥ አንድ ድምፅ ነው። በኤና በቢ ፍላት መካከል (55 እና 58.3) ልዩነቱ ወደ 3.3 ይወርዳል። ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይህ ልዩነት በአራት ይባዛል፤ ጆሮም ሁለቱን ለይቶ ይሰማል። ቤዝ ላይ ግን ሁለቱ ግማሽ ቶኖች ንጹሕ የሚሆኑት ቀዳሚው ድምፅ ሞቶ ቀጣዩ ሲነሳ ብቻ ነው። አጭር ድምፅ ለአምባሰል የምርጫ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱን ጎረቤቶች በአንድ ክር ላይ፣ ለምሳሌ ክፍቱን ዲ እና የመጀመሪያውን ፍሬት፣ መጫወት ግማሹን ሥራ ያቃልላል፤ አንድ ክር በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ መስጠት አይችልምና። ቀሪውን ስፖንጁ ይጨርሰዋል።

በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ቅጂዎች ላይ ቤዙን አስተውሎ የሚሰማ ሰው ይህን አጭር ድምፅ ያገኘዋል። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ፤ መላኬ ገብሬ በዋልያስ ባንድ። ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ጋር በ1975 የሠራው «ኧረ መላ መላ» ላይ ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ እየደጋገመ ነው የሚሄደው፤ ኖታዎቹ ክፍተት አላቸው። ሸክላና ካሴቱም ላይኛውን ድምፅ ብዙ አያሳልፍም ነበር። ይህን ድምፅ ዛሬ በጃዝ ቤዝ ማውጣት የሚፈልግ ሰው የአንገቱን ፒካፕ ብቻ ከፍቶ፣ ቶኑን አውርዶ፣ ስፖንጅ ሸጉጦ፣ የቀኝ እጁን ወደ አንገቱ ጫፍ አምጥቶ በለስላሳው የጣት ሥጋ ቢመታ በጣም ይቀርበዋል። ያንኑ ቤዝ ወደ ሰማንያዎቹ የሚያመጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ1984 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አድማስ ባንድ ያወጣው «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ የሄኖክ ተመስገን ቤዝ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን መካከል ነው ያለው። በዚያ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ ለመሰማት ክብ ጥቅል አዲስ ክርና ሁለቱም ፒካፖች ይሻላሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ከእሱም በፊት ጉምጉምታው።

ነጠላ ጥቅል ያለው ፒካፕ ከክሩ ሌላ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ሞገድም ይሰማል፤ ጉምጉምታው ይኸው ነው። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከዲ የሚነሳው አምባሰል ውስጥ ያለው ዝቅተኛው ጂ 49 ነው። ስለዚህ ጉምጉምታው ከአምባሰሉ ጂ ጋር ሊገጥም ትንሽ ሲቀረው ተገትሮ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ያወዛውዘዋል። የጉምጉምታው እጥፍ 100 ደግሞ ከክፍቱ ጂ ክር፣ ከ98፣ ጋር በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይጋጫል። ጄኔሬተሩ ፍጥነቱን ካልጠበቀ ይህም ይለዋወጣል፤ ባንዱ ሳይስማማ ጄኔሬተሩ ቅኝት ሲያወጣ ማለት ነው።

በዘመናዊ ጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒካፖች ተቃራኒ ሆነው ስለሚጠቀለሉ ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ጉምጉምታው ይጣፋል። ቅድም እንዳልነው የብሪጁን ስንዘጋው ግን ይመለሳል። የፕሪሲዥን ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ለሁለት የተከፈለው ፒካፕ አንዱ ግማሽ ለሁለቱ ወፍራም፣ ሌላው ለሁለቱ ቀጭን ክሮች ሆኖ እርስ በርሱ ተገልብጦ ስለተያያዘ ያለ ጉምጉምታ ይሠራል። ጃዝ ቤዝ ላይ ይህን የሚያመጡ ሁለት መንገዶች አሉ። ቀላሉ በጃዝ ፒካፕ ቅርጽ ተሠርቶ ውስጡ ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ መግዛት ነው፤ ያለው ጎድጓድ ውስጥ በቀጥታ ይገባል፣ እንጨት አይነካም።

ሌላው ሁለቱን ፒካፖች በተከታታይ ማያያዝ ነው። በመደበኛው አሠራር የሁለቱም ፒካፕ ጥቁር ሽቦ ወደ ግራውንድ፣ ነጩ ወደየራሱ ቮልዩም ይሄዳል፤ ጎን ለጎን ናቸው። በተከታታይ ሲሆኑ የአንዱ ጥቁር ሽቦ ከግራውንድ ይነቀልና ከሌላኛው ነጭ ሽቦ ጋር ይበየዳል፤ የአንዱ ሞገድ በሌላው ውስጥ አልፎ ይወጣል። ውጤቱ ጎልቶ የሚሰማ፣ ላይኛው የተከረከመ፣ መሃሉ የሞላ ድምፅ ነው፤ ጉምጉምታውም እንደጠፋ ይቆያል። ፌንደር ራሱ በ2003 ባወጣቸው አሜሪካን ሲሪስ ጃዝ ቤዞች ላይ ቮልዩሙን በመጫን ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው የሚያሻግር ኤስ-1 የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አድርጎ ነበር። እኛ ዘንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ማንኛውም ባለሙያ ሲጎተት የሚቀይር ቮልዩም ካገኘ ይህን በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። ጎትቶ ፕሪሲዥን መሳይ፣ ተጭኖ ጃዝ።

ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር ይፈተሽ። ድምፁ ቀጥኖ ቤዙ ከጠፋ አንዱ ፒካፕ ተገልብጦ ገብቷል፤ የእሱን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው። ፒካፑ የብረት ሽፋን ወይም ከሥሩ ብረት ካለው ደግሞ ያ ብረት ለብቻው ወደ ግራውንድ መሄድ አለበት፤ ካልሆነ እጅ ሲነካው ይጮኻል። የቶኑን ካፓሲተር መቀየርም ይቻላል። ጃዝ ቤዝ ላይ የተለመደው 0.047 ማይክሮፋራድ ነው፤ በ0.1 ሲተካ ቶኑ ሲዘጋ ይበልጥ ይደበዝዛል። ዋጋው ከሻይ አይበልጥም፤ ውጤቱም ያን ያህል ነው፣ ብዙ አይጠበቅ። በዚህ ሁሉ ሒደት ባለሙያው ፎቶ አንስቶ ይጀምር፤ ነገ ጊታሩን የሚሸጠው ሰው ወደ ነበረበት መመለሱን ይፈልጋል።

ከጉምጉምታው ሳንርቅ፣ ጄኔሬተሩ ግራውንድ ከሌለው ወይም ማገናኛ ገመዱ ላይ የግራውንዱ እግር ከተቆረጠ ነገሩ ከድምፅ ያልፋል። የቤዝ ክር ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክሩን በእጁ ይዞ በከንፈሩ ማይክ የሚነካ ሰው በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ ሊያልፍበት ይችላል። እርጥብ መሬት ላይ፣ ሐይቅ ዳር፣ ይህ የበለጠ ይከፋል። ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የግራውንዱን እግር መቁረጥ አይገባም።

አሁን ወደ ክራሩ። ቤዝ ክራር በባህል ቡድኖች ውስጥ የቤዝ ጊታርን ቦታ የሚይዝ ትልቅ ክራር ነው፤ በመላኩ በላይ በሚመራው የአዲስ አበባው ኢትዮከለር ቡድን ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የዚህ ነው። ክራር ፍሬት የለውም፤ እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ይዞ ነው የሚኖረው። ግራ እጅ ኖታ አይጫንም፣ ማስጮህ የማይፈለገውን ክር ይይዛል። ክሩ ድሮ ጅማት ነበር፣ ዛሬ በብዛት ናይለን ነው። ናይለን ማግኔት ላይ ምንም ስለማያደርግ የጊታር ፒካፕ ክራር ላይ ቢለጠፍ ዝም ይላል፤ ክራር የሚጎላው በማይክ ወይም ገበቴው ላይ በሚለጠፍ፣ ንዝረትን በቀጥታ በሚቀበል መሣሪያ ነው። ማግኔታዊ ፒካፕ የሚታሰርበት ኤሌክትሪክ ክራርም አለ፤ እሱ ግን ብረት ክር ይፈልጋል፣ ድምፁም ከክራር ይልቅ ወደ ጊታር ያደላል።

ቤዝ ጊታሩን ወደዚህ ድምፅ ለማምጣት ከፒካፑ ይልቅ ክሩና አያያዙ ይቀድማሉ። ውጭው በጥቁር ናይለን የተጠቀለለ፣ ውስጡ ብረት የሆነ የቤዝ ክር አለ። ማግኔቱ ውስጡን ብረት ይሰማል፤ ጣቱ ግን የሚነካው ናይለን ነው። መጀመሪያው ደብዘዝ ያለ፣ ከዚያ ክብ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ቤዝ ክራርን በቅርብ የሚመስለው እሱ ነው። ካልተገኘ ጠፍጣፋ ጥቅሉና ስፖንጁ ሩቅ አይሄዱም።

ከዚያ ቅኝቱን ራሱ በክፍት ክሮች ላይ ማስቀመጥ ነው። መደበኛው የቤዝ ክር አቃኘት ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ነው። ከዲ የሚነሳ አምባሰል ውስጥ ኤ፣ ዲ እና ጂ አሉ፤ የሌለው ኢ ብቻ ነው። ወፍራሙን ክር በግማሽ ቶን ወደ ኢ ፍላት ዝቅ ስናደርገው አራቱም ክፍት ክሮች የአምባሰል ይሆናሉ። አንድ መቃኛ ማዞር ብቻ ነው የፈለገው። የቀረው ቢ ፍላት በኤ ክር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ነው። ከዚህ በኋላ ግራ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የክራር ተጫዋች እጅ ይሆናል፤ ከመጫን ይልቅ መያዝ። ቀኝ እጅ ደግሞ የመዳፉን ጠርዝ ብሪጁ ላይ አሳርፎ በአውራ ጣት ወደ ታች መምታት። ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተት መተው አለበት፤ ክራር አይንሸራተትም፣ አንድ መንሸራተት ብቻ ጊታርነቱን ያሳብቃል። የጣት ንዝረትም እንዲሁ።

ዘፋኟ ከዲ ካልተነሳችስ? ከሲ የሚነሳው አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ውስጥ ከክፍቶቹ ክሮች የሚገኘው ጂ ብቻ ነው። ኢውን ወደ ኤፍ ማውጣት፣ ኤውን ወደ ኤ ፍላት፣ ዲውን ወደ ሲ ማውረድ ይጠይቃል። ይቻላል፣ ግን በዘፈን መካከል የሚደረግ አይደለም። ሰርግ ላይ ቶሎ የሚሠራው መላ ክሮቹን በዲ አቃኝቶ ትቶ ዘፋኟን ዲን እንድትቀበል ማግባባት ነው፤ እምቢ ካለች ፍሬት ወዳለው የተለመደው አጨዋወት መመለስ። ሙግቱን ማን እንደሚያሸንፍ ሰርግ የተጫወተ ያውቀዋል።

በገና የሚወድ ሰው ስለ ንዝረቱ መጠየቁ አይቀርም። በገና ላይ በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ ናቸው ያንን የሚያንዛዛ ድምፅ የሚያወጡት። ቤዝ ጊታር ላይም በብሪጁና በክሩ መካከል ቀጭን የቆዳ ወይም የወረቀት ቁራጭ በማስገባት ዓይነቱን ማግኘት ይቻላል። ለሰርግ አይሆንም፤ ቤት ውስጥ፣ ለብቻ፣ ደስ ይላል።

የድምፅ ማጉያው ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን ቀሪውን ሥራ ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። ቤት ውስጥ የቤዝ ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ ይጠነክራል። ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም፤ የዳስ ሸራም ዝቅተኛውን ድምፅ አይመልስም፣ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ትናንት ሐይቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ የከበደው ቤዝ አርዲቦ ዳር ቀሎ ይሰማል። የሚደረገው ቤዙን መጨመር ይመስላል፤ ስፒከሩ ግን በሰከንድ ከ60 ጊዜ በታች የሚንቀጠቀጠውን በደንብ ማውጣት ካልቻለ የሚጨመረው ጉልበት ኮኑን ከማንቀጥቀጥ ውጭ የሚያመጣው የለም። ይልቅ ከ60 በታች ያለውን ቀንሶ ከ200 እስከ 400 ያለውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ጆሮ ላይኞቹን ከሰማ የታችኛውን ራሱ ይሞላል። በትንሽ ሬዲዮ ቤዝ የምንሰማው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሬዲዮው አይወጣም፣ ከእኛ ነው። መሃሉ የሞላው የፕሪሲዥን ድምፅ ሜዳ ላይ የሚያሸንፈውም ለዚህ ነው። ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ ከማራራቅ አንድ ላይ መሬት ላይ ማስቀመጥም ዝቅተኛውን ድምፅ ያጠነክራል።

የማይመለሱት ለውጦች ሁለት ናቸው። አንዱ ጃዝ ቤዙ ላይ የፕሪሲዥን ፒካፕ ለማስገባት እንጨቱን መፈልፈል ነው። የእንጨት ባለሙያው በመሮ ሲሠራ ጠርዙ ይፈነቀላል፤ ጥልቀቱ ከበዛም ከኋላ ይወጣል። ፒካፑ የሚገባበት ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ የተፈለገው ድምፅ አይመጣም፤ ቦታው ነውና ዋናው። ከላይ የተባሉት ሁሉ ተሞክረው ካልበቁ፣ ሁለተኛ እጅ ፕሪሲዥን ቅጂ ፈልጎ መግዛት ከዚህ ሥራ ይቀላል።

ሌላው ፍሬቱን ማውጣት ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ ጃዝ ቤዙን ፍሬት አልባ አድርጎ፣ ጎድጎዶቹን ደፍኖ፣ ላዩን ለጀልባ በሚሠራ ኢፖክሲ ቀብቶ የተጫወተበት ድምፅ በ1976 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ አለ። ለእኛ ጥቅሙ ሌላ ነው። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ተጫዋቹ ግማሽ ቶኑን ከፒያኖው ትንሽ ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል። ፍሬት ያለው ቤዝ ከዚህ ጋር ሲሄድ አንዳንድ ኖታ ላይ ይጣላል፤ ፍሬት የሌለው ግን ጣቱን ትንሽ አንሸራቶ ይገጥማል። ፍሬቱን በሶልደር ብረት ሞቅ አድርጎ፣ በጉጠት ቀስ ብሎ ከጫፍ ማንሳት፤ የተተወውን ስንጥቅ በቀጭን እንጨት መሙላት፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ክብ ጥቅል ክር እንጨቱን ስለሚበላው እዚህ ላይ ጠፍጣፋው ወይም ናይለኑ ግዴታ ነው። የተሞሉት መስመሮች በዓይን መታየት አለባቸው፤ ጀማሪ ጆሮውን አምኖ በጨለማ ዳስ ውስጥ አምባሰልን ማግኘት አይችልም።